ሆድ ሳይከፈትም ይታከማል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቆሽት ብግነት ያወጣችሁት ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናን ብቻ መጥቀሱ አሳስቦኛል። በቆሽት ዙሪያ የተጠራቀመን መግል ሆድ ሳይከፈት ማውጣት ይቻላል። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ በአፍ ይገባል፤ ሐኪሙ የደም ሥሮችን እየሸሸ የጨጓራውን ግድግዳ ይበሳና ስቴንት (ቀዳዳውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያስቀምጣል፤ መግሉም ወደ ጨጓራ ይፈሳል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው፣ በኔዘርላንድስ 19 ሆስፒታሎች 98 ሕሙማንን ያካተተው፣ ይህን ዘዴ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ያነጻጸረው ጥናት በሞትና በከባድ ችግሮች ረገድ ለኢንዶስኮፒው ብልጫ አላገኘም፤ ይህ መነገር አለበት። የቆሽት ፊስቱላ (የቆሽት ፈሳሽ ወደ ውጭ የሚያፈስበት የማይደፈን ቀዳዳ) ግን በቀዶ ሕክምናው መንገድ ከታከሙት 32 በመቶውን ሲያጠቃ፣ በኢንዶስኮፒ ከታከሙት 5 በመቶውን ብቻ ነው ያገኘው። ቁስሉ አልደርቅ ያለውን በሽተኛ ያስታመመ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

የብረት ስቴንቱ በቀጠሮው ካልወጣ ሊያደማ እንደሚችልም እባካችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ