የናፈቀን የሞደሙ ጩኸት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቀድሞው ኢንተርኔት በናፍቆት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ኮምፒውተርን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር ያገናኝ የነበረውን መሣሪያ፣ የሞደሙን፣ ጩኸት ያስቀድማል። እኔን ጩኸቱ አይናፍቀኝም። በሰከንድ 56 ኪሎቢት እንኳ በማይሞላ ፍጥነት አንድ ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች በስስት ሲገለጥ መጠበቅ፣ ፊት ሊታይ ሲል ደግሞ የቤቱ ስልክ ተነሥቶ መስመሩ ሲቋረጥ ያበሳጭ ነበር እንጂ ውበት አልነበረውም።

የሚናፍቀኝ ገጹ መጨረሻ የነበረው መሆኑ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ያልቃል። ከግርጌው ባለቤቱ የወደዳቸው ሌሎች ድረ ገጾች ይዘረዘራሉ፤ ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚመርጠው አንባቢው ነው። ማንም ሰው የራሱን ድረ ገጽ በነጻ መሥራት ይችልበት በነበረው በጂኦሲቲስ ላይ ስለ ቴምብር ስብስቡ የሚጽፍ ሰው ዓይን የሚወጋ ቀለም ይደረድር ነበር (አስቀያሚነቱን አልክድም)፤ የጎብኚ መቁጠሪያው ባይንቀሳቀስም ግን ስለ ቴምብሩ መጻፉን አይተውም።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2006 የወዳጆችን ጽሑፎች የሚደረድረውን የዜና መስመር («ኒውስ ፊድ»)፣ በ2009 ደግሞ የ«ላይክ» ቁልፉን አመጣ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምናይ የሚወስነው በየጽሑፉ ላይ የቆየንበትን ጊዜ የሚለካው ስልተ ቀመር ሆኗል፤ ጸሐፊውም ቴምብሩን ትቶ ቁጥሩን ያያል። ባለቤቱ የያሁ ኩባንያ ጂኦሲቲስን የዘጋው በዚያው በ2009 ነበር። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ባይሯሯጡ ኖሮ ከእነዚያ ገጾች አብዛኞቹን ዛሬ አናገኝም ነበር።

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በየሳምንቱ አዲስ መተግበሪያ ያስተዋውቀናል። አንድ ሳምንት እንኳ የራስን ድረ ገጽ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ቢያስተምረን ምን ይላችኋል?

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ