ጀበናችን ቀለም ሳይሆን መስታወት ይልበስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ጠንካራው የስልክ መስታወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጣም ወድጄዋለሁ። ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የምኖር ሴት ነኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅም ነኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ስልኬ አልሄደም፤ ወደ ጀበናዬ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ልጄ ጎጆ ስትወጣ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ጀበና ገዛሁላት። ሲያዩት ያምራል። ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለበት አለው። ሻጯን "ይሄ የሚያብረቀርቀው ምን ተደርጎ ነው?" አልኳት። "ኧረ እማማ፣ በደንብ ታሽቶ ነው" አለችኝ። አመንኳት። ቤት ወስጄ ሳሟሸው ግን ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። የዘጌ ቡና አፈላሁበት። ስቀዳው አዲስ የተቀባ በር ሸተተኝ። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሽፋኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሳ። የዘይት ቀለም ነው።

በሻጯ አልፈርድም። ጀበናውን የሠራችው እሷ አይደለችም። ገዢው የሚያብለጨልጭ ይፈልጋል፤ ያልተቀባው ሳይነካ ይውላል፤ የተቀባው ጠዋት ያልቃል። ግን ዝም ማለትም አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣሁ ቁጥር እቆጥራለሁ። የሚቀባው ጀበና ብቻ አይደለም። የወተት ማሰሮውም፣ የጠላ ዋንጫውም ይቀባል።

የዘይት ቀለም ለግድግዳና ለበር የተሠራ ነው። የከሰል እሳት ሲነካው ይቃጠላል፤ ይላጣል። ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ደግሞ ለረጅም ዘመን በእርሳስ ማዕድን ሲሠሩ ኖረዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ ወስናለች። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን ጀበና የሚቀባው ሰው ከየትኛው ጣሳ እንደቀዳ ገበያ ላይ ቆሜ እንዴት አውቃለሁ? እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መልሱ እዚያው ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል። ሲኒውን ተመልከቱ። ሲኒ ማለት በዐረብኛ "የቻይና" ማለት ነው፤ ስሙም ዕቃውም አብረው ነው የመጡልን። ሲኒ ቡና አይመጥም። ሽታ አይዝም። በሎሚ ቢታሽ አይለቅም። ለምን? መስታወት ስለለበሰ ነው። ግሌዝ የሚባለው ይህ ነው። ቀለም አይደለም። የድንጋይ ዱቄት፣ አመድና ሌላ ማዕድን ተደባልቆ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሸክላው ላይ ይቀባል፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ቀልጦ መስታወት ይሆናል፤ ከሸክላው ጋር ይያያዛል። እሳት ስለሠራው መልሶ እሳት አያቃጥለውም።

ቻይናዎች ይህን ያወቁት ከ3000 ዓመት በፊት ነው። የማገዶው አመድ በእሳቱ ንፋስ እየበነነ ማሰሮው ትከሻ ላይ ያርፋል። ምድጃው 1200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አመዱ ከሸክላው ጋር ቀልጦ ያብለጨልጫል። ይህን ያየ ሰው ቀጥሎ አመዱን ራሱ በጥብጦ ቀባው።

የእኛ ሸክላ ሠሪዎችስ? እናቴ ግሌዝ አታውቅም ነበር። ማልበስ ግን ታውቃለች። ማሰሮው ጠፈፍ ሲል ከሐይቁ ዳር ያመጣችውን ለስላሳ ጠጠር ይዛ ታሸዋለች። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ግማሽ ቀን። የሸክላው ደቃቅ ቅንጣቶች ይተኛሉ፤ ገጹ ይዘጋል፤ ሳይቀባ ያበራል። ሻጯ "ታሽቶ ነው" ያለችኝ ይህንን ነው፤ ዛሬ ያን ግማሽ ቀን የሚከፍል ጠፋ እንጂ። ምጣድ ሲሟሽ ደግሞ እናቴ የጎመን ዘር ጋለው ምጣድ ላይ በትና በጨርቅ ትጨፈልቀዋለች። ዘሩ ይንጣጣል። ዘይቱ ይወጣል። ጭሱ ጎረቤት ይጠራል። እሷ ግን እጇን አታነሳም፤ ምጣዱ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር እስኪዞር ክብ ክብ እያደረገች ታሻለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ምን እየሠራች እንደነበር የገባኝ። የጎመን ዘር ዘይት ሲግል ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ የምጣዱን ቀዳዳ ሞልተው ጠንካራ ቆዳ ይሆናሉ። እንጀራው የማይጣበቀው ለዚህ ነው። ይህቺ ሴት በሰፈራችን "ቡዳ" ትባል ነበር። በሠራችው ምጣድ እንጀራ የሚጋግሩ ሰዎች ቤታቸው አያስገቧትም ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ምጣድን አትንኩት ነው የምለው። የጎመን ዘሩ ይበቃዋል። ግሌዝ የሚያስፈልገው ለሚጠጣበትና ለሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ ለወተት ማሰሮ፣ ለኩባያ፣ ለሳህን፣ ለጀበናም ከሆዱ በላይ። ከሰል የሚነካው ቂጡ ባዶውን ይሁን።

ችግሩ ሙቀት ነው። ሸክላችን ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ነው የሚቃጠለው። ያ እሳት 800 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ብዙው ግሌዝ ደግሞ ከ1000 በላይ ይፈልጋል። እሳቱን ዝም ብሎ መጨመር አይቻልም፤ ብረት የበዛበት ቀይ አፈራችን ከ1100 ሲያልፍ ይነፋል፤ ይሟሟል። አቋራጭ አለ፤ አቋራጩ እርሳስ ነው። እርሳስ የገባበት ግሌዝ በትንሽ እሳት ይቀልጣል፤ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ብዙ አገሮች ለዘመናት በዚህ ሠርተዋል። ኋላ ሎሚውም ኮምጣጤውም እርሳሱን እያሟሟ ወደ ሰው ሆድ ሲያወርደው ነው የነቁት። የእኛ ጠጅም ኮምጣጣ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ የአሮጌ መኪና ባትሪ አቅልጦ ሸክላ ሊቀባ ሲዘጋጅ ደርሼ ለምኜ አስቁሜዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ገዢው የተቀባ ሸክላ አልገዛም ሲል ሠሪው ወደ እርሳስ ግሌዝ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ስልካችሁ መስታወት ልመለስ። ያ መስታወት 400 ዲግሪ ገደማ የጋለ የፖታሲየም ጨው ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ከገጹ ላይ ትንሿ የሶዲየም አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙል ያላት ቅንጣት፣ ትወጣለች፤ በቦታዋ ትልቋ የፖታሲየም አዮን ትገባለች። ለተማሪዎቼ በባጃጅ ነበር የማስረዳቸው። ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ መሐል ያለው ቀጭን ወርዶ ወፍራም ቢገባ ሁሉም ይጨናነቃል። የመስታወቱም ገጽ እንዲሁ ይጨናነቃል። የተጨናነቀ ገጽ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ስንጥቁ እንዲከፈት መጀመሪያ ያን ግፊት ማሸነፍ አለበት።

የጥሩ ግሌዝ ምስጢርም ይኸው ነው! ከምድጃ ወጥቶ ሲበርድ ሸክላውም ግሌዙም ይኮማተራሉ። ሸክላው ትንሽ በለጥ አድርጎ ከተኮማተረ ግሌዙ ይጨናነቃል፤ ዕቃው ይጠነክራል። ግሌዙ ከበለጠ ግን እንደ ጠበበ ቀሚስ ይቀደዳል። ስለዚህ የቻይናን ወይም የጣሊያንን ግሌዝ በቆርቆሮ ገዝቶ እኛ ሸክላ ላይ መቀባት አይሠራም። በአፈሩ ልክ መሰፋት አለበት። ጀርመናዊው ኦቶ ሾት ከ100 ዓመት በላይ በፊት ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ጨምሮ የሠራው የላቦራቶሪ መስታወት እሳት የሚችለው መስፋቱና መኮማተሩ ከተራው መስታወት ሲሶ ያህል ስለሆነ ነው። የሾት ሥራ ይህን ልክ መቀነስ ነበር፤ የእኛ ደግሞ ከአፈራችን ጋር ማስማማት ነው።

ሞክሬዋለሁ። በወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እምቦጭ ጣናን መውረር ሲጀምር ከመምህራን ጋር ወደ ፎገራ ወርደን በእጃችን ነቅለናል። ነቅለን ዳር ላይ የከመርነው ደርቆ ሲቀር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ይዤ መጣሁ። አቃጠልኩት። የተገኘው አመድ ሁለት ጣሳ አይሞላም፤ እምቦጭ አብዛኛው ውሃ ነው። አመዱን በውሃ ዘፍዝፌ በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት። ውሃው እጄን ላጠው፤ ጓንት ማድረግ ነበረብኝ። የቀረው ካልሲየምና ሌላም ማዕድን ያለው ግራጫ ዱቄት ነው።

ምድጃ የሰጠኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የጥርሱም ሸክላ መጨረሻ ላይ ግሌዝ ይለብሳል፤ ለዚያ የምትሆን የዳቦ መጋገሪያ የማታህል ምድጃ አለችው። "ቲቸር፣ ምድጃዬን እንዳያበላሹብኝ" እያለ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ይከፍትልኛል። ከእናቴ ጉድጓድ ባመጣሁት አፈር አውራ ጣት የምታህል ጠፍጣፋ ሸክላ ሠራሁ። 23 ናቸው። እያንዳንዷ ጀርባዋ ላይ ቁጥር አላት።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ በአመድ ብቻ 1200 ገቡ። ሸክላው እንደ ቂጣ ተንጋዶ ወጣ። ከዚያ ወርቅ ሠሪዎች ለብየዳ የሚጠቀሙበትን ቦራክስ ጨመርኩ። ቦራክስ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ለብቻው አይቀባም፤ ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው ከጠርሙስ ዱቄት ጋር አቅልጦ ውሃ ውስጥ ደፋልኝ፤ እኔ በሙቀጫ ወቀጥኩት። አሁን 1000 ላይ ቀለጠ። ሰባተኛዋ ስትወጣ ማር መሰለች። ከሸክላው ብረት የመጣ ቢጫ፣ ከሥሩ የእናቴ ጠጠር ያለፈበት መስመር ይታያል። እንባዬ መጣ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳያት "ጢን" አለች። ትንሽ ቆይታ "ጢን፣ ጢን"። ስትበርድ እየተሰነጠቀች ነው። በማግስቱ ቡና ብነካባት ስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ እንደ ሸረሪት ድር ጠቆረ። የጠርሙሱ ሶዲየም መኮማተሩን አብዝቶታል።

የጠርሙሱን መጠን ቀንሼ ነጭ ባልጩት ጨመርኩ። ባልጩት ሲወቀጥ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አርጥቤ፣ አፌን ሸፍኜ ነው። አሥራ ሰባተኛዋ ጢን አላለችም። ስምንት ወር ሆኗታል፤ አሁንም ስንጥቅ የላትም። ግን አልጠጣባትም፤ ማንንም አላስጠጣባትም። እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የሚሰበስብ ተክል ነው። ምን እንደሰበሰበ፣ ኮምጣጤ ሲነካው ምን እንደሚለቅ በዓይን አይታይም። መሣሪያ ይፈልጋል።

መሣሪያ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። "ፕሮጀክት አምጪ፣ ደብዳቤ አምጪ" አሉኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። "ማኅተም የለውም" አሉኝ። ጡረተኛ ማኅተም ከየት ያመጣል?

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ይህን ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ፖሊ ግቢ አለን። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ብቻ፣ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናሙናቸውን ይዘው የሚገቡበት በር ይከፈት። በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ እርሳስና ካድሚየም የሚባለውን መርዛማ ብረት ይለቅ እንደሆነ ይመርመርላቸው። በክብር ወንበር ይሰጣቸው። ሁለተኛ፣ በማኅበር የሚጠቀሙባት አንዲት 1050 ዲግሪ የምትደርስ ምድጃ ትሠራ። አፈሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ጉድጓድ እንደሚሰነጠቅ፣ ስንት እፍኝ የገል ዱቄት እንደሚገባበት ከማንም በላይ ያውቃሉ። የመስፋቱን ልክ የሚለካላቸው ሰው ነው የጎደለው።

ለአንባቢዎችም አንድ ነገር። ጀበና ስትገዙ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ። ከተነሳ መልሱት። ያልተቀባውን፣ የታሸውን ግዙ፤ ለታሸበትም ግማሽ ቀን ክፈሉበት።

23ቱ ናሙናዎች በጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። የእያንዳንዷ ድብልቅ በግራም፣ የገባችበት ሙቀትና የቆየችበት ደቂቃ በደብተር ተጽፏል። የሚመረምር ካለ አድራሻዬ እናንተ ዘንድ አለ፤ በተጠራሁበት ቀን ካርቶኑን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህርት
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ