አባዬ፣ ቀነኒሳ በሮጠበት መንገድ ሮጥኩ

ለምወዳችሁ ቤተሰቦቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አስረክቤ ተገላገልኩ። ጳጉሜ ላይ ስለሆንን ከወዲሁ እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ። በዓሉን ግን እያነከስኩ ነው የምቀበለው፤ ደረጃ መውረድ አቅቶኛል። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው፤ ልንገራችሁ።

እሁድ ዕለት ግሬት ኖርዝ ረንን ሮጥኩ! ግማሽ ማራቶን ነው፣ 21 ኪሎ ሜትር ከምናምን። ከኒውካስል መሀል ተነስቶ፣ በታይን ወንዝ ላይ ያለውን ትልቁን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሳውዝ ሺልድስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ያልቃል። በሕይወቴ ውድድር የሚባል ነገር ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። አባቷ ለዓመታት ኩላሊት እጥበት ላይ ቆይተው ነው ያረፉት። በስማቸው ሮጣ ለኩላሊት ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ተመዘገበች። እዚህ እንግሊዝ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ አንድ ሰው ይሮጣል፣ ዘመድ ወዳጁ ደግሞ እሱ ለመረጠው በጎ አድራጎት የአቅሙን ይሰጣል። ብቻሽን አትሮጪም አልናት። አንድ ናይጄሪያዊ፣ አንዲት ሕንዳዊት፣ እኔ።

ልምምዳችን ቅዳሜ ጠዋት ታውን ሙር በሚባል ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ፓርክረን ይሉታል። 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በነፃ፣ ለመጣ ሁሉ። እማዬ፣ ሜዳው ከተማው መሀል ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ ላሞች ይሰማሩበታል። እነሱን እያየሁ ስሮጥ የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ። ከኢትዮጵያ መሆኔን የሰማ ሁሉ «አንቺማ ምን ትሆኛለሽ!» ይለኝ ነበር። ኮራሁ። እነ ደራርቱ ያወጡልን ስም እኮ ነው፣ እኔ ዘንድ ድረስ የመጣው።

የዕለቱን ሕዝብ ብታዩ! መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞልቷል። ከፊታችን የሚሮጡትን ሰዎች ጀርባ እያነበብኩ ነው የሄድኩት። አንዱ ቲሸርት ላይ «ለእናቴ» ይላል። አንዱ ላይ የትንሽ ልጅ ፎቶ ታትሟል፣ ከሥሩ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን። ሰውየው አጠገባችን ረጅም መንገድ ሮጠ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኛም ዝም ብለን አብረነው ሮጥን። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ሰፈር ለሰፈር ነው የሚኬደው። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ በር በሩ ላይ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ብርቱካን ቆራርጠው በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ለሚያልፈው ሁሉ ያድላሉ። እጃቸው በጭማቂው ርሷል። ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋችን እንድንመታላቸው ይጠብቃሉ። ስማችንን ደረታችን ላይ ጽፈን ስለነበር የማላውቀው ሰው ሁሉ በስሜ ይጠራኛል፣ አይዞሽ ይለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ውስጥ እንግዳ ነበርኩ። ያን ዕለት ግን እንግድነቱ አልተሰማኝም።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ረጅም፣ የማያልቅ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ጓደኛችንን ባቷን ያዛት። ቁጭ ልትል ነበር። ናይጄሪያዊው አሸላት፣ እኛ በግራና በቀኝ ደግፈናት ትንሽ ተራመድን። ከዚያ ራሷ «እንሩጥ» አለች።

አባዬ፣ ይህን ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ነው። ይህን ውድድር ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኃይሌ በ2010፣ ጥሩነሽ በ2012 አሸንፈውታል። የ2013ቱን መቼም አይረሱትም፤ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና እንግሊዛዊው ሯጭ ሞ ፋራህ የተገናኙበት። ከዳገቱ በኋላ መንገዱ በድንገት ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ቀነኒሳ አፈትልኮ የወጣው እዚያች ቁልቁለት ላይ ነው። ሞ ፋራህ እስከ መጨረሻው ተናነቀው፤ በአንድ ሰከንድ ብቻ ተቀደመ። ኃይሌ ሦስተኛ ሆነ። እኔም እዚያች ቁልቁለት ላይ ደረስኩ! ጉልበቴ እየተብረከረከ «አባዬ ምነው ባየኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ባሕሩን ይዞ አንድ ማይል ያህል ይቀራል። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ መጨረሻው ይታያል፣ ግን አይደረስበትም። አራታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ጓደኛችን ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች የአባቷን ስም ጠርታ አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረተው ብሬንዳን ፎስተር ነው፤ የዚሁ አካባቢ ሰው፣ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘው። ኃይሌም በ1994 ዓ.ም. የእኛን ታላቁ ሩጫ ሲጀምር ከእሱ ጋር ተመካክሮ ነው። የመጀመሪያውን ራሱ ኃይሌ እንዳሸነፈ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። እኛ ቤት ግን በየዓመቱ ኅዳር ላይ በቴሌቪዥን እናየዋለን እንጂ አንድም ሰው ወጥቶበት አያውቅም።

በአዲሱ ዓመት እንውጣበት። ኅዳር ላይ እቤት ነኝ። እማዬ፣ ሐኪሙ ለስኳርሽ በእግርሽ ሂጂ ብሎሽ የለ? 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካሻሽ ሙሉውን በእርምጃ እንጨርሰዋለን። ግማሹ ሕዝብ እየዘፈነና እየጨፈረ ነው የሚሄደው፣ ማንም አይቸኩልም። አባዬም ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ረዘም ያለውን መንገድ ይያዙ፤ ከአሁኑ ቢጀምሩት ጥሩ ነው።

ሚሚ፣ ምዝገባውን ላንቺ ትቻለሁ። ቲሸርቱ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ እንዳትዘናጊ። አራት ውሰጂ፤ የአባዬን ሰፋ ያለ አድርጊው፣ ጠባብ ልብስ አይወዱም። ገንዘቡን ሰኞ እልክልሻለሁ።

የናፈቃችኋት ልጃችሁ፣
ከኒውካስል