ልጁን ከእናቱ ጭን ሳናወርድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ልጆች የሳንባ ምች ሲወራ አልትራሳውንድ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ሰው የሚያውቀው ለእርግዝና ነው። ሳንባ አየር ስለሆነ አይታይም ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ጤነኛ ሳንባ መሣሪያው የሚልከውን የድምፅ ሞገድ መልሶ ያንጸባርቀዋል። የታመመው ክፍል ግን አየሩ ወጥቶ ፈሳሽ ሲሞላበት ስክሪኑ ላይ ልክ እንደ ጉበት ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። በመሃሉ ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፤ ልጁ ሲተነፍስ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። በአየር ቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረ አየር ነው። አንዴ ያየው አይረሳውም።

ራጅ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። በአልትራሳውንድ ግን ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ፣ ቆዳው ላይ የሚቀባው ጄል ለብ ተደርጎ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ይታያል። በደቂቃዎች ያልቃል። ጨረር የለውም፤ በማግስቱ ደግሞ ማየት ይቻላል።

ሁሉን ይፈታል አልልም። ከሳንባው ሽፋን ርቆ ወደ ውስጥ የተደበቀ ሕመም ያመልጠዋል። ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ በእርግጠኝነት አይለይም። ያልሠለጠነ እጅ ደግሞ ያሳስታል። ትንፋሽ መቁጠርንም አይተካም፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ740 ሺህ በላይ ልጆች በሳንባ ምች ሞተዋል። መሣሪያው ለእርግዝና ክትትል ብዙ ቦታ ገብቷል። እባካችሁ፣ ልጆችን የሚያክሙ ሐኪሞችና ነርሶችም ይሠልጥኑበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ሐኪም