ወድቆ የተነሣ ሰው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በፎርማንነት በምሠራበት አንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የደረሰውን የምጽፈው፣ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የውጭ ልስን ይሠራ የነበረ ወጣት የቆመበት ጣውላ ከአጣናው ተንሸራቶ ይዞት ወረደ። ጣውላው በምስማር የተመታው በአንድ ጫፉ ብቻ ነበር፤ ሌላውን «ለዛሬ ይበቃል» ብለን ትተነዋል። ልጁ ወዲያው ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፣ የወደቀ ኮፍያውን ፈልጎ አደረገ፣ በራሱም ላይ ቀለደ። ይህ የሆነው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ውሃ ሰጥተን ጥላ ሥር አስቀመጥነው፤ ራሱን እንደሚያመው ሲናገርና ሲያስመልሰው ፀሐይ የመታው መሰለን፤ ሲተኛም ደክሞት ነው አልን። 7 ሰዓት ላይ ብንጠራው አልነቃም።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዱን፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ በመሆኑ ሲሰነጠቅ በውስጥ በኩል የሚያልፈውን ደም ቅዳ ሊቀድደው ይችላል፤ ሰውየውም ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋኑ መካከል ተጠራቅሞ አንጎሉን እስኪጫነው ድረስ እንደ ጤነኛ ያወራል፣ ይራመዳል። ቀዶ ሕክምናው ሕይወቱን አትርፎለታል፤ ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ አይታዘዘውም።

ስለዚህ ከከፍታ የወደቀ ሰው ቢስቅም እንኳ በዚያው ቀን ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ ወይም የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ደቂቃም አይጠበቅም። ራሱን የሳተውን ደግሞ እጅና እግሩን ይዞ ማንጠልጠል አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ሽባ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ሳያንቀሳቅሱ በ907 አምቡላንስ መጥራት ይሻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ሄልሜት የሚወጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው፤ ለነገሩ ሄልሜት በዋናነት የሚመክተው ከላይ የሚወርድን ዕቃ ስለሆነ፣ ሰውን ከመውደቅ የሚያስቀረው የታሰረ ቀበቶ፣ የእጅ መደገፊያና በሁለቱም ጫፍ የተመታ ጣውላ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው ሲወድቅ ሰዓቱን ጽፋችሁ ከታማሚው ጋር ላኩ። እኛን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁን እሱን ነበር፤ በትክክል የሚያውቅ አልተገኘም።

አንድ ፎርማን፣ ከአዲስ አበባ