የአባባን ጎዝ ስትቀይሩ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባ ከሆስፒታል ወጥተው አዳማ ቤታችን ገቡ ሲሉኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

አንገታቸው ላይ ያለውን የመተንፈሻ ቱቦ መንካት እንደሚያስፈራሽ ነግረሽኛል። ብትፈሪ አይፈረድብሽም። እኔ እዚህ ቶሮንቶ በሥራዬ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር ስለሆነ፣ በስልክ ተቆራርጦ ከሚቀር ብዬ ጻፍኩልሽ። ሐኪማቸው ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን የእሱን ስሚ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ቱቦውን አንገታቸው ላይ የያዘውን ማሰሪያ ብቻሽን ሆነሽ በፍጹም እንዳትፈቺ። ጎዙ፣ ማለትም ከቱቦው ሥር ያለው የቁስል ጨርቅ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ ይቀየራል። ማሰሪያው ራሱ ሲቆሽሽ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዳችሁ አንገታቸው ላይ የሚያርፈውን የቱቦውን ክንፍ ግራና ቀኝ በጣት ደገፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሌላው ይፍታ፣ ይሰር። የያዘው ሰው አዲሱ ታስሮ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይበል። በዚያች ቅጽበት አባባ ካሳሉ ቱቦው ሊወጣ ይችላል። በር ቢንኳኳ ይንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ ይጩህ! ሲታሰር በማሰሪያውና በአንገታቸው መሃል አንድ ጣት ብቻ ይግባ። ከጠበቀ ቆዳቸውን ይልጠዋል፣ ከላላ ቱቦው ይንቀሳቀሳል።

አሁን ወደ ጎዙ። እጅሽን በሳሙና ደህና አድርገሽ ታጠቢ፣ ጓንት አድርጊ። አባባን በትራስ ቀና አድርጊያቸው። ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው፤ መናገር አቃታቸው እንጂ ሁሉን ይሰማሉ። አክታ ካለ አስቀድሞ በማሽኑ ይመጠጥ፣ ከዚያ ጓንቱን ቀይሪ። አሮጌውን ጎዝ ስታነሺ ሳታዪው አትጣዪው። ፈሳሹ መግል ከመሰለ ወይም ከሸተተ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከደማ፣ ያኔውኑ ሐኪማቸው ጋ ደውዪ።

ንጹህ ጎዝ በኖርማል ሳላይን (በሕክምናው የጨው ውሃ) አርሺ፤ ጠብታ ቱቦው ወደገባበት ቀዳዳ እንዳይገባ ጨመቅ አድርጊው። ከቀዳዳው ጀምረሽ ወደ ውጭ ጥረጊ። አንዴ የጠረግሽበትን ጣዪው፣ መልሰሽ አትንኪበት። ከዚያ ቆዳውን በደረቅ ጎዝ አድርቂ፤ እርጥብ ሆኖ የዋለ ቆዳ ይቆስላል። አልኮልም ሆነ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሐኪም ካላዘዘ አይነካው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርሽ። ተራ ጎዝ በመቀስ ቀደሽ አታድርጊላቸው። የተቆረጠው ጠርዝ ክሩ ይረግፋል፣ አባባም በቱቦው ወደ ሳንባቸው ይስቡታል። ጥጥም ያው ነው። ለዚህ ተብሎ ከፋብሪካ ተሰንጥቆ የሚመጣ ጎዝ አለ። እሱ ከጠፋ፣ ያልተቆረጠ ጎዝ አጣጥፈሽ ከግራና ከቀኝ ከክንፉ ሥር አስገቢ። ቢያንስ በቀን አንዴ ቀይሪው። በአዳማ ሙቀት አንገታቸው ስለሚያልበው፣ እርጥብ ሆኖ ካገኘሽው ሰዓቱን አትጠብቂ።

ሌላው ጭንቀቴ አቧራው ነው። አየሩ አሁን በአፍንጫቸው አያልፍም፤ ስለዚህ የሚያጣራውም የሚያረጥበውም የለም። ሆስፒታሉ የሰጣቸውን ማጣሪያ፣ አክታ ሲመጠጥ ወይም ማጣሪያው ሲቀየር ካልሆነ በቀር፣ ከቱቦው ላይ አታውጪ። እማማ ቡና ሲያፈሉ ከሰሉና ዕጣኑ ውጭ ይሁን። ይከፋቸዋል፤ አውቃለሁ፤ እኔ ደውዬ እለምናቸዋለሁ። መብራት ስለሚጠፋ የአክታ መሳቢያው ማሽን ባትሪ ምንጊዜም ሙሉ ይሁን።

መለዋወጫ ቱቦ፣ አንድ ልኩ፣ አንድ ደግሞ በአንድ ቁጥር የሚያንስ፣ ከአልጋቸው አጠገብ አይጥፋ። የአምቡላንሱን ስልክ በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው።

በሚቀጥለው ወር ወደ አዳማ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የተሰነጠቀውን ጎዝና ማሰሪያ እልካለሁ። ክንፉ ላይ የቱቦው ቁጥር ተጽፏል፤ ዛሬውኑ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እህትሽ