የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መጀመሪያ ኔጋቲቩን እንይ

የፎቶግራፍ ክበብ ዘንድሮ ሥራውን ሁሉ በፊልም ካሜራ እንዲሠራ የተወሰነው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። አባላቱ በስልክ ፎቶ ማንሳት ያውቃሉ፤ ብዙዎቹም ጥሩ ያነሳሉ። ነገር ግን ብርሃኑን የሚለካውም፣ ፍጥነቱን የሚመርጠውም፣ ትኩረቱን የሚያስተካክለውም ስልኩ ራሱ ስለሆነ ፎቶው ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ለማወቅ ያስቸግራል። በአሮጌ ኤስኤልአር (በሌንሱ የገባውን ምስል በመስታወት ወደ መመልከቻው በሚልክ) ካሜራ ሦስቱንም የሚወስነው ሰው ነው። ጥፋት ሲመጣ ምንጩ ወይ ከአንሺው፣ ወይ ከባትሪው፣ ወይ ከካሜራው፣ ወይ ከፊልም አጠባው ይሆናል፤ ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል። የዓመቱ ትምህርታችን በአብዛኛው ይህን መለየት ነበር፤ ክበቡን በኃላፊነት ስመራ እንደዘንድሮ ተማሪዎች በጥሞና ሲጠይቁና ሲከራከሩ አላየሁም።

ካሜራዎቹ የመጡት ከየተማሪው ቤት ነው። ለዓመታት ከቁም ሣጥን ያልወጡ፣ ማንገቻቸው የደረቀ፣ አንዳንዶቹም ግማሹ የተነሳበት ፊልም ውስጣቸው የቀረ ነበሩ። ፔንታክስ ኬ1000፣ ካኖን ኤኢ-1፣ ሚኖልታ ኤስአርቲ 101 እና ዜኒት-ኢ ይገኙባቸዋል። ኬ1000 እና ኤኢ-1 ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረቡ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። የኬ1000 ሹተር (ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው ባለ ሁለት መጋረጃ በር) የሚሠራው በስፕሪንግ ስለሆነ ያለ ባትሪም ያነሳል፤ ባትሪው የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ለጀማሪ እጅግ የተመቸ በመሆኑም እስከ 1997 ድረስ ሲመረት ቆይቷል። የኤኢ-1 ሹተር ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ነው፤ ባለ 6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ቁልፉን ቢጫኑት ምንም አይልም። «ቲቸር፣ ይሄኛው ሞቷል» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ ካሜራ ባትሪ ሲቀየርለት ወዲያው ሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውም ካሜራ ሲመጣ አባላቱ አስቀድመው የሚጠይቁት «ያለ ባትሪ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብለው ነው።

ፊልም ከማባከናችን በፊት እያንዳንዱን ካሜራ ባዶውን ፈተንነው። የጀርባ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሌንሱ ይወልቃል፣ ካሜራው ወደ መስኮት ይዞራል። ተማሪው ከኋላ ሆኖ እያየ ሹተሩን በየፍጥነቱ ይለቃል። በ1/1000 ሰከንድ እንኳ ቢሆን ለዓይን ብልጭ የሚለው አራት ማዕዘን ሙሉ መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከጨለመ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እየደረሰበት ነው ማለት ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያርፈው በሁለቱ መጋረጃዎች መካከል በሚያልፍ ጠባብ ክፍተት ስለሆነ ትንሽ መዘግየት እንኳ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ለዝግተኞቹ ፍጥነቶች የተማሪዎቹን ስልክ ተጠቀምን፤ የሹተሩን ድምፅ ቀድተው ሲከፈትና ሲዘጋ በሚሰሙት ሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ጊዜ ለኩ። አንደኛው ካሜራ በ1 ሰከንድ ላይ ተከፍቶ ይቆይና መዝጋቱን ይረሳዋል፤ በ1/125 ግን እንከን አይወጣለትም። ዝግተኛ ፍጥነቶችን የሚያዘገየው ራሱን የቻለ ጥርሳማ ማርሽ ነው፤ በውስጡ ያለው ቅባት ሲደርቅ የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ ያንን ካሜራ ከ1/60 በታች አንጠቀምበትም ብለን ማስታወሻ ለጠፍንበት፤ በቀን ብርሃን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጥሩ አገልግሏል። ካሜራ አንድ ነገሩ ስለተበላሸ ብቻ መጣል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ጊዜ ያስወሰደን የጀርባ ክዳኑ ስፖንጅ ነው። የነዚህ ካሜራዎች ክዳን ብርሃን እንዳያስገባ በጠርዙ ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን ጥቁር ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ መስታወቱ ሲነሳ የሚያርፍበትም ሌላ ስፖንጅ አለ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ይህ ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ይሆናል። ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እየተፈረፈረ ሹተሩ ላይ ይወድቃል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሥራ ከሁሉም በተሻለ ሠራችው። ካሜራውን ፍርፋሪው ወደ ውጭ እንዲወድቅ አዘንብላ ያዘች፤ የሹተሩን ፊት በወረቀት ጋረደች፤ አሮጌውን ስፖንጅ በእንጨት ስንጥር ከቦዩ ፈለፈለች፤ የቀረውን በአልኮል በተነከረ የጥጥ እንጨት እየጠረገች አወጣችው። በብረት አልነካችውም፤ ብረት ቀለሙን ይፍቀዋል። በቦዩም ጥቁር የሱፍ ክር በጥብቅ አስገባችበት። መስታወቱን ግን እንዳትነካ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። የኤስኤልአር መስታወት ብሩ የተቀባው በፊቱ ላይ ስለሆነ ጨርቅ ይጭረዋል፤ ከበላዩ ያለው የትኩረት ገጽም አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አልኮል ያበላሸዋል። ለሁለቱም የሚፈቀደው በጎማ መንፊያ አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው። በመመልከቻው የሚታይ ጉድፍ ደግሞ ፎቶው ላይ አይወጣም፤ ይህን ሲሰሙ የተረጋጉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

ብርሃን የሚያስገባ ክዳን ኔጋቲቩ (ታጥቦ የወጣው፣ ብርሃንና ጥላው የተገለበጠበት ፊልም) ላይ ግልጽ ምልክት ይተዋል። በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ጭረት ይታያል፤ በቀለም ፊልም ከታተመ በኋላ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጭረቱ ከፍሬሙ (የአንዱ ፎቶ ቦታ) አልፎ እስከ ፊልሙ የጎን ቀዳዳዎች ድረስ ከደረሰ ብርሃኑ የገባው ከሌንሱ በኩል አይደለም። በሌንስ የገባ ብርሃን ከ24 በ36 ሚሊሜትሩ ፍሬም አይወጣም። ክርክር በተነሳ ቁጥር ተማሪዎቹ ራሳቸው «ቀዳዳውን ነክቷል?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

ባትሪም ራሱን የቻለ ርዕስ ሆኗል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የተዘጋጁት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ እነዚያ ባትሪዎች ዛሬ አይሸጡም። በቦታው የሚገባው የአልካላይን ባትሪ 1.5 ቮልት ነው። የቮልት ልዩነትን የሚያካክስ ሰርኪዩት በሌለው ካሜራ መለኪያው ከእውነተኛው የበለጠ ብርሃን ያለ ይመስለዋል፤ እሱን ያመነ ሰው ኔጋቲቩ ሳስቶ ይወጣል። አልካላይን እያለቀ ሲሄድም ቮልቱ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ስህተቱ ከወር ወር ይለያያል። እኛ የመረጥነው ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆነውን ባለ 1.4 ቮልት ዚንክ-ኤር ባትሪ ነው። ተለጣፊው ተነስቶ አየር ካገኘ በኋላ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ቮልቱ የተረጋጋ ነው። ዜኒት-ኢ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ሴሊኒየም ስለሚለካ ባትሪ አይፈልግም፤ ሴሊኒየሙ ግን ከዕድሜ ጋር ሊደክም ይችላል። ስለዚህ የትኛውንም መለኪያ ከማመናችን በፊት በጠራ ፀሐይ አረጋገጥን፦ በአይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ፊልም፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ መክፈቻ ስፋት) 16 ላይ ሆኖ፣ መለኪያው 1/125 አካባቢ ማለት አለበት። ባትሪ ፈስሶበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ካሜራም ነበረን፤ ኮምጣጤ በነካ የጥጥ እንጨት ብረቱ እስኪታይ ጠርገን፣ አድርቀን፣ ሥራ አስጀመርነው።

አሁን ዓመቱን ሁሉ ስናነሳው ወደነበረው ጥቅልል ልምጣ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቆጣሪው 36 እስኪደርስ አነሳ፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ሹተሩ ሞቷል ብሎ ፈረደ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስተው ጠርዙን እንዲያዩት ጠየቅኋቸው። በጠርዙ ላይ የፊልሙ ስምና የፍሬም ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ይነበቡ ነበር። እነዚያ ጽሑፎች በፋብሪካ በብርሃን የታተሙ ናቸው፤ የሚታዩት ፊልሙ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ገብቶ በደንብ ከታጠበ ብቻ ነው። ቁጥሩም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከኬሚካሉ ይሆን ነበር፤ ምናልባት ዴቨሎፐሩ ሞቷል፣ ወይም ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ቀድሞ ፈስሷል። እዚህ ግን አጠባው ነጻ ወጣ፤ ፊልሙ በካሜራው ውስጥ ብርሃን አላገኘም። ሹተሩን ባዶውን ሲፈትኑት በሁሉም ፍጥነት ተከፈተ። እሱም ነጻ ወጣ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጫፉ ከመጠምጠሚያው ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው የእጀታውን መሳብ እንጂ የፊልሙን ጉዞ ስላልሆነ 36 ብሎ አሳየ። ተማሪው አዝኖ ነበር፤ ምክንያቱን ራሱ ደረጃ በደረጃ ሲያገኘው ግን ፊቱ በራ። አሁን ካሜራውን ፊልም አጉርሶ ክዳኑን የሚዘጋ ሁሉ የመመለሻውን እጀታ በቀስታ አጥብቆ የላላውን ይሰበስባል፤ ከዚያም ፊልም ሲስብ ያ እጀታ አብሮ መዞሩን ያያል። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም።

የኬሚካሉ ሥራ ብዙም አላስቸገረንም። የጥቁርና ነጭ ፊልም አጠባ ሙቀትን በ20 ዲግሪ ለያዘና ሰዓቱን ላልዘነጋ ሰው ታዛዥ ነው።

ካሜራ በመፍቻ እንዲፈታ አልፈቀድኩም፤ ይህም ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ተደጋግሞ አከራክሮናል። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። ሆኖም የጃፓን ካሜራዎች ብሎን መስቀሉ ከተለመደው መፍቻ ጋር ልክ ስለማይገጥም ራሱ ይበላል፤ የላይኛው ክዳን ከተነሳ በኋላም የሚዘሉ ስፕሪንጎችና ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ። ፍላሽን ጭራሽ መክፈት የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ካፓሲተሩ ባትሪው ከወጣ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። በምትኩ እያንዳንዱ አባል ማስታወሻ ደብተር ያዘ፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም ፍጥነቱን፣ አፐርቸሩን፣ የብርሃኑን ሁኔታ ጻፈ። ከመፍቻው ይልቅ ይህ ደብተር ብዙ ምስጢር ፈታ። ለምሳሌ የአንድ ሌንስ ፎቶዎች በጠራ ፀሐይ ብቻ ከልክ በላይ ይነጡ ነበር። ደብተሩ ሲታይ ሁሉም አፐርቸር 11 እና 16 ላይ የተነሱ ሆኑ፤ ሌንሱ ሲታይ ደግሞ አፐርቸሩን የሚያጠብቡት ምላጮች ላይ ዘይት አለ፤ ሹተሩ ከመከፈቱ በፊት ጠብበው አይደርሱም። ሙሉ ተከፍቶ ሲያነሱበት እንከን የለውም፤ ስለዚህ ለቤት ውስጥ ፎቶ ተመደበ።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራዎቹን በትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ላይ ሰቅለናል። ከየፎቶው ሥር የካሜራው ስም፣ ፍጥነቱና አፐርቸሩ ተጽፎ ነበር፤ ተማሪዎቹ ከባዶው ፊልም ላይ ቁራጭ ቆርጠው አብረው እንዲሰቅሉ ሐሳቡን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከፊቱ ቆመው ለጎብኚዎች ሲያስረዱ መስማት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

ሳይፈቱ የቀሩ ሥራዎች አሉ። ዝግተኛ ፍጥነቱ የሚይዘው ካሜራና ዘይት ያለበት ሌንስ ወደ ባለሙያ መሄድ አለባቸው። ፈንገስ የያዘ አንድ ሌንስም ከሌሎቹ ተለይቶ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት ኔጋቲቮቹን በራሳችን ወረቀት ላይ ማተም እንጀምራለን፤ ለዚህም መስኮቱ የሚጨልም ክፍል እንፈልጋለን።

ቤታችሁ አሮጌ ካሜራ ያላችሁ ተማሪዎችና ወላጆች፣ ከማምጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉልን። ባትሪ ካለው አውጡለት። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊትም የመመለሻ እጀታውን በቀስታ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አዙሩት፤ ጥቂት ዞሮ ከያዘ ውስጡ ፊልም አለና እንደተዘጋ አምጡት፤ ፊልሙን እኛ እናወጣዋለን፣ እናጥበውማለን።